ዘር ሲቆጠር ያልተቆጠረው

እስቲ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ወሬው ረጅም ነው፤ ከወለጋ ተነሥቶ የኮሎምቢያን ተራራ ይወጣል፣ በቬንዙዌላ ሐይቅ ዳር ያልፋል፣ ዞሮ ጉሊሶ ይገባል።

ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ነቀምቴ ይደርሳል። ከተማዋን ዙሪያዋን ያቀፋት ወረዳ ጉቶ ጊዳ ይባላል። በዚህ አገር ሰው ሲተዋወቅ ስሙን ተናግሮ ዝም አይልም። የማን ልጅ ነህ፣ የማን የልጅ ልጅ ነህ፣ ጎሳህስ? ይባላል። በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ይህን ያውቀዋል፤ በከሬ ጎዳና ሞረዳን ወለደ፣ ሞረዳ ኩምሳን ወለደ፣ ኩምሳ ሀብተ ማርያምን ወለደ እየተባለ የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች ይቆጠራሉ። ተራው ገበሬም የራሱ ቆጠራ አለው። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ከሁሉ በፊት የሚያጣራው የሁለቱ ዘር እንዳይነካካ ነው። አማራውም ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ይህን ቆጠራ እኔ አከብረዋለሁ። ትልቅ እውቀት ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም ከመከራ አድኗል። ነገር ግን የቱንም ያህል ቢቆጠር የማይዘው በሽታ አለ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ነው።

ለወሬው መያዣ አንዲት ሴት ላምጣ። እኔው ያሰብኳት ናት፤ በአንድ ቤት ላይ እንዳይለጠፍ ስም አልሰጣትም። 38 ዓመቷ ነው፣ ነቀምቴ ታስተምራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። አባቷ ቡና ነጋዴ ነበር። ሚዛን ላይ ዐይኑ የማይስት፣ የሃያ ገበሬ ሒሳብ በቃሉ የሚይዝ ሰው ነበር። 46 ዓመት ሲሞላው አንዱን ጆንያ ሦስት ጊዜ መመዘን ጀመረ። ከፍሎ የሸኘውን ገበሬ አስጠርቶ «ገንዘብህን ሳትወስድ ወዴት ትሄዳለህ?» ይለዋል። ሐቀኛው «ኦቦ፣ ተቀብያለሁ» ይላል፤ ሌላው ይቀበላል። ዓመት ሳይሞላ ልጅ ሆኖ የሮጠበት የገበያ መንገድ ጠፋበት። ኋላማ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ «እባካችሁ ወደ ቤቴ አድርሱኝ» ይል ጀመር።

ሰፈሩ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዱ መተት ነው አለ። አንዱ ባላንጣው አስደግሞበት ነው አለ። ሌላው «ጃጀ» ብሎ አለፈ፤ የ46 ዓመት ጎልማሳ ግን አይጃጅም። ጸበል ወሰዱት፣ ጸለዩለት፣ በ53 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ የአባቷ እኅት፣ አዳዳዋ፣ በ48 ዓመቷ እንዲሁ ጀመራት። ቡና ልትቆላ ምጣዱን ትጥድና ትረሳዋለች፤ ሽታው ከጎረቤት ሰው ይጠራል። ያን ጊዜ ነው ልጅቱ እንቅልፍ ያጣችው። ወደ ኋላ ብትቆጥር አያቷ ምንም አልነበረባቸውም አሏት። አያቷ ግን በደዴሳ ቆላ ወባ ሲገድላቸው ገና አርባ አልሞላቸውም ነበር።

ይህችን የአያት ነገር ያዙልኝ። ብዙ ሰው «በሽታው አንድ ትውልድ ይዘላል» ይላል። የዚህ ዓይነቱ በሽታ አይዘልም ማለት ይቻላል። ሰውየው በሽታው ሳይደርስበት በሌላ ምክንያት ስለሚሞት የዘለለ ይመስላል። በኢትዮጵያ የሚወለድ ሰው አማካይ የዕድሜ ተስፋ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ወባ፣ ረሀብና ጦርነት ቀድመው ይወስዱት የነበረው ሰው ዛሬ ኖሮ አምሳውን ያያል። ተሸፍኖ የኖረውም እየተገለጠ ነው። (ከዚህ በኋላም ዓመቱን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከመቀጠሌ በፊት ግን ይህን ሰምታችሁ እናታችሁ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ ስለጠፋባቸው እንዳትደነግጡ። አብዛኛው የመርሳት በሽታ ከእንዲህ ያለ ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ ከሚወርድ ዘር አይመጣም። በ75 እና በ80 ዓመት የሚመጣው አልዛይመር የዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኑሮና የብዙ ትንንሽ ጂኖች ድምር ነው። አፖኢ የሚባል ጂን አለ፤ አራተኛው ዓይነቱ ያለበት ሰው አደጋው ከፍ እንደሚል በ1993 ታውቋል። ከፍ ማለት ግን ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ ኖሮበት በጤና የሚያረጅ ሰው አለ፣ ሳይኖርበት የሚታመም አለ። በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ ዮሩባዎችን፣ በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያንን አብሮ የተከታተለ ጥናት በ2001 ሲወጣ በዓመት አዲስ የሚታመሙት አረጋውያን በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ሆነው ተገኙ። የዘር ምንጫቸው የተቀራረበ ሕዝቦች ናቸው፤ አኗኗራቸው ግን ይለያያል።

ደግሞ ሊድን የሚችል መርሳት አለ። እንቅርት በወለጋ ደጋ የቆየ ችግር ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዳከም ሰው ይፈዝዛል፣ ይረሳል፣ መድኃኒቱን ሲወስድ ይመለሳል። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ሳይታከም የቆየ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ የአረቄ ብዛት፣ ከባድ ድብርት፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታ ይመስላሉ። ይህን ሳያጣሩ «የዘር ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሰውን በቁም መቅበር ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ግን፣ በአንድ ቤት ውስጥ በየትውልዱ፣ ከ60 በታች፣ በተቀራረበ ዕድሜ የሚጀምር መርሳት ሲኖር ጉዳዩ ሌላ ነው። አልዛይመር የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአንዲት ገና ካላረጀች ሴት ነው። አውጉስተ ዴተር ትባላለች፤ በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። አሎይስ አልዛይመር የተባለ ሐኪም ተከታተላት፤ በ1906 ስትሞት አንጎሏን መርምሮ ያየውን በዚያው ዓመት ለባልደረቦቹ ተናገረ።

ከዚያ 80 ዓመት ያህል አለፈ። በ1986 በእንግሊዝ ኖቲንግሃም የምትኖር ካሮል ጄኒንግስ የተባለች አስተማሪ ለለንደን ተመራማሪዎች ደብዳቤ ጻፈች። አባቷም፣ አክስቶቿና አጎቶቿም በጎልማሳነታቸው መርሳት እንደጀመራቸው፣ ይህ በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል ነገረቻቸው። ሐኪም አይደለችም፤ ያደረገችው ነገር ቢኖር የገዛ ቤተሰቧን መቁጠር ነው። የእሷ ቤተሰብ ደም ተመርምሮ በ1991 በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ አሚሎይድ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን ውስጥ ስሕተቱ ተገኘ። በ1995 ሁለት ሌሎች ጂኖች ተጨመሩ፤ አንዱ በ14ኛው፣ አንዱ በ1ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። የሦስቱም ሥራ ከዚያው ከአሚሎይድ ጋር የተያያዘ ነው። በእነዚህ ሦስት ጂኖች ስሕተት የሚታመመው ከመቶ የአልዛይመር ሕሙማን አንዱን እንኳ አይሞላም። ላለበት ቤት ግን ሁሉ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቆጠራችን ልመልሳችሁ። ሰው እያንዳንዱን ጂን ሁለት ሁለት አድርጎ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዳንድ በሽታ የሚወጣው ሁለቱም ሲበላሹ ብቻ ነው። አንድ ብልሽት የያዘ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ዘመዱን ሲያገባ፣ እሷም ያንኑ ይዛ ከሆነ፣ ልጃቸው ይታመማል። ሰባት ቤት መቁጠር የሚከላከለው ይህን ነው፤ ጎሳን ማጣራትም እንዲሁ። ይህኛው መርሳት ግን አንድ ብልሽት ይበቃዋል። የታመመው አባት ጤነኛ እናት ከሌላ አገር፣ ከሌላ ጎሳ ቢያገባ እንኳ እያንዳንዱ ልጅ የመውረሱ ዕድል እኩል ለእኩል ነው። ሳንቲም እንደመወርወር ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወረወራል። «ወንድሜ ስለያዘው እኔ ድኛለሁ» የሚባል ነገር የለም። «አባቱን ስለሚመስል እሱ ነው የሚታመመው» የሚባልም የለም፤ መልክ ሌላ፣ ይህ ጂን ሌላ። ያልወረሰ ሰው ደግሞ ለልጁ አያወርስም፤ እዚያ ላይ ይቆማል።

አሁን ኮሎምቢያ እንሂድ። አንቲዮኪያ የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ፤ እንደ ወለጋ ቡና የሚለቀምበት አገር ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች በአርባዎቹ ዕድሜ የሚመጣውን መርሳት «ላ ቦቤራ» ይሉታል፤ ጅልነት እንደማለት ነው። አንዱ የቄስ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው አንድ የተረገመ ዛፍ የነካ ይይዘዋል ይላል። በ1980ዎቹ ፍራንሲስኮ ሎፔራ የተባለ ወጣት የነርቭ ሐኪም ገና 47 ዓመቱ የሆነና የሚረሳ ገበሬ አየ። «ከቤታችሁ ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። «አባቱም፣ አያቱም፣ ወንድሞቹም» አሉት።

ሎፔራና ሉሲያ ማድሪጋል የተባለች ነርስ ቤት ለቤት ገቡ። መንገድ በታጣቂ በሚዘጋበት ዘመን ነው። ቡና እየተጠጣ፣ አሮጊቶች እየተጠየቁ፣ የዘር ሐረግ በወረቀት ይሣላል፤ ወረቀቱ ሲያንስ ሌላ ይቀጠልበታል። የደብር የክርስትና መዝገብ እየተገለጠ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ተሄደ፤ ተበታትነው የሚኖሩ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቤተሰቦች የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ሆነው ተገኙ። ስድስት ሺሕ ያህል ሰው ነው፤ ከእነዚህ 1200 የሚሆኑት የጂን ስሕተቱ ተሸካሚ ናቸው። ስሕተቱ በ14ኛው ክሮሞሶም ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ናት። ያለበት ሰው በ44 ዓመት ገደማ መርሳት ይጀምረዋል፣ በ49 ገደማ ራሱን መቻል ያቅተዋል። እርግማን የተባለው አንዲት ፊደል ሆነች።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው። ከ2013 ጀምሮ መድኃኒት ለመሞከር 252 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ሁሉም ገና ያልታመሙ ናቸው። አብዛኞቹ ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸውን አያውቁም። መድኃኒቱን ለተሸካሚዎች ብቻ ቢሰጡ መመዝገቡ ራሱ ውጤት መንገር ይሆናል። ስለዚህ ያልወረሱትንም ሰዎች መዘገቡና መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጧቸው፤ ተሸካሚዎቹም በዕጣ ከፊሎቹ መድኃኒቱን ከፊሎቹ ባዶውን ወሰዱ። ጎረቤት «እገሌ ይመላለሳል፣ ስለዚህ አለበት» ማለት አልቻለም። የሰዉን አለማወቅ ለመጠበቅ ሲባል ለማይታመሙ ሰዎች ለዓመታት መርፌ መወጋት፣ ይህ ለእኔ ትልቅ አክብሮት ነው። መድኃኒቱ በ2022 ውጤቱ ሲወጣ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ሰዎቹ ግን ምስጢራቸው ተጠብቆ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከእነዚያ ቤተሰቦች አሊሪያ ሮሳ ፒየድራይታ የተባለች ሴት ነበረች። ተሸካሚ ናት፤ በ44 መርሳት ይገባት ነበር። እስከ ሰባዎቹ ዕድሜዋ ድረስ ቀለል ያለ ችግር ብቻ ነው የታየባት። ሲመረመር ሌላ ያልተለመደ የአፖኢ ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቿ ወርሳ ተገኘች፤ ያ ለውጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠበቃት ተብሎ በ2019 ተጻፈ። በ77 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፤ አንጎሏን ለምርምር ሰጠች። ሎፔራም በ2024 በ73 ዓመቱ ዐረፈ።

ካሮል ጄኒንግስስ? ጂኑ የተገኘው በእሷ ደብዳቤ ነው፤ እሷ ግን አልተመረመረችም። ላለማወቅ መረጠች። በአምሳዎቹ ዕድሜዋ በሽታው ጀመራት፤ በ2024 ሞተች። ለሌሎች የማወቂያን በር ከፍታ ራሷ ከደጅ መቆሟን እንደ ፍርሃት የሚያይ ሰው ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የራሷ ሕይወት ነው።

አሁን ቬንዙዌላ። ሀንቲንግተን የሚባል ሌላ የዘር በሽታ አለ፤ ሰውነትን ያወራጫል፣ አእምሮንም ይወስዳል፣ አወራረሱም ያው እኩል ለእኩል ነው። በ1968 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት ሴት መንገድ ስትሻገር ፖሊስ «በዚህ ሰዓት መስከር አያሳፍርሽም?» አላት። አልሰከረችም፤ ታማ ነው። ልጇ ናንሲ ዌክስለር ከ1979 ጀምሮ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ወዳሉት ይህ በሽታ ወደ በዛባቸው መንደሮች ተመላለሰች፤ 18 ሺሕ ሰው ያለበት የዘር ሐረግ ተሠራ፣ ከአራት ሺሕ በላይ ሰው ደም ሰጠ። በ1983 ጂኑ ያለበት ክሮሞሶም ታወቀ፤ በ1993 ጂኑ ራሱ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማንም ሀንቲንግተን ያለበት ሰው ልጅ ተመርምሮ ዕጣውን ማወቅ ቻለ። አብዛኛው ሰው ሳይመረመር ቀረ። መመርመር ለሚፈልገው ደግሞ በ1994 ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጣ፤ ዛሬ ለመርሳት የዘር ምርመራም የሚከተሉት ያንን መንገድ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ አገራችን እንመለስ። የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ግን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ሄደው 60,820 ሰው ያለበትን ሕዝብ ለነርቭ ሕመም አጥንተዋል። በእግር ሄዶ ቤተሰብ መጠየቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ዘርና ሐፍረት ሲገናኙ ምን እንደሚሆንም ከሩቅ አገር መማር የለብንም፤ ወለጋ ውስጥ አለ። ምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከሚረግጡ ሰዎች የአንዳንዶቹ እግር ያብጣል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። በ2011 የወጣ ጥናት በወረዳው 2.8 በመቶ ሰው እንዳለበት ጻፈ። በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚደጋገም ለዚያ ቤት ሴት አይሰጡም፣ ከዚያ ቤትም ሴት አያገቡም። ፋሲል ተኮላ የተባለ ኢትዮጵያዊ የዘረ መል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በወላይታ ይህን በሽታ ሊያጠና ሲነሣ ደም ከመቅዳቱ አስቀድሞ ሰዎቹን ጠየቀ፤ ስለ ዘር ስንናገር ምን ትፈራላችሁ? ብዙዎቹ ጥናቱ በሽታው የቤታቸው መሆኑን በአደባባይ አውጥቶ መገለሉን እንዳያብስባቸው ሰጉ። ይህ በ2009 ታተመ፤ የስምምነት አወሳሰዱም በዚያ መሠረት ተሰናዳ። በ2012 ደግሞ ለዝሆኔ የሚያጋልጡት የዘር ልዩነቶች የት እንዳሉ ይፋ ሆነ። ቀድሞ የተሠራ ጥናት ተጋላጭነቱ 63 በመቶ የዘር እንደሆነ ገምቶ ነበር። ሆኖም ዘሩ ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩን ቢታጠብ አይታመምም። ዘር ነው፣ ግን መከላከያ አለው።

ለመርሳቱ ገና ጫማ የለንም። ስለዚህ ለሰው የምንሰጠው መልስ ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻዋል። በአንድ ሰርግ ላይ «ያ ቤት ዘሩ ይረሳል» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣ የሴቶች ልጆች ዕድል ይዘጋል፤ ቤቱም የታመመውን ጓዳ ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ሰው ደግሞ ሐኪም አያየውም፣ እንቅርት ይሁን ቢ12 ይሁን አይጣራም። ለሽማግሌዎቻችን የምለው ይህን ነው፤ ጎሳ ስትቆጥሩ በሽታ ካገኛችሁ ለቤቱ ንገሩ፣ ለገበያ አትንገሩ።

ያሰብኳት ሴት አሁን የዘረ መል ምክር ከሚሰጥ ሐኪም ፊት ተቀምጣለች እንበል። ሐኪሙ ደም አይቀዳም። ወረቀት ያወጣል። ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ ይሥላል፤ የታመመውን ያጠቁራል፤ የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰርዛል። «አባትሽ በስንት ዓመቱ ጀመረው? አዳዳሽስ? አያትሽ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ሞቱ?» ይላል። እሷ ትቆጥራለች። ሕፃን ሆና ስትማረው የኖረችው የአባት ቤት ቆጠራ እዚህ ጠቀማት፤ አምስት ትውልድ በቃሏ አለች። ሐኪሙ የአያቷን አራት ማዕዘን ባዶ ይተወዋል፤ ጤነኛ ነበሩ ብሎም፣ ታመው ነበር ብሎም አይጽፍም፤ «ወባ፣ ከ40 በታች» ብቻ ይላል።

ከዚያ አንድ ነገር ይነግራታል፤ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው እሷ አይደለችም፤ የታመመችው አዳዳዋ ናት። የቤቱ ስሕተት የትኛው ጂን ላይ እንዳለ ሳይታወቅ የእሷ ደም «ምንም የለም» ቢል የምታምነው ነገር አይሆንም፤ ምናልባት ያልታየ ቦታ ላይ ይሆናል። በሽታው አልዛይመር ላይሆንም ይችላል፤ ጠባይን አስቀድሞ የሚቀይርና የፊት አንጎልን የሚይዝ ሌላ መርሳት አለ፣ የሱም ጂኖች ሌሎች ናቸው። አዳዳዋ ግን ምን እንደሚደረግባት መረዳት እየተሳናት ነው። ማን ይፈቅድላታል? ልጆቿ ተሰብስበው መስማማት አለባቸው፤ እነሱ ደግሞ በእናታቸው ውጤት ውስጥ የራሳቸውን ዕጣ ያያሉ።

አዳዳ ላይ ስሕተቱ ከተገኘ፣ ተራው የእሷ ይሆናል። ሐኪሙ «እኅቴ፣ አለብሽ ብለን ብንነግርሽ በማግሥቱ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላታል። ይህን የሚጠይቀው መልሷን ለመፈተን አይደለም፤ ራሷ እንድትሰማው ነው። አንዳንዱ ቤት ሠርቶ ልጅ ለማስተማር ይፈልጋል። አንዳንዱ ተጨማሪ ልጅ መውለዱን ይተዋል። አንዳንዱ ምርምር ውስጥ ይገባል፤ በ2025 የወጣ አንድ ውጤት አሚሎይድን የሚያጸዳ መድኃኒት ሳይታመሙ ጀምረው ለዓመታት የወሰዱ 22 ተሸካሚዎች ላይ የመታመም አደጋው በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ሲጠየቅ ማወቅ እንደማይፈልግ ይገባዋል፤ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ያም ትክክል ነው። ደሙ ተቀድቶ ውጤቱ ፖስታ ውስጥ ገብቶ እንኳ «አልሰማም» ማለት ይቻላል። ውጤት በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን አይመጣም፤ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይመጣል። ከሰማ በኋላም ሐኪሙ ይከታተለዋል፤ አለብህ የተባለው ብቻ ሳይሆን የለብህም የተባለውም ያለቅሳል፤ «ወንድሜ ተይዞ እኔ ለምን ዳንሁ?» ይላል። ሕፃናት አይመረመሩም። ሁለቱ ልጆቿ 18 ዓመት ሞልቷቸው ራሳቸው እስኪጠይቁ ድረስ እናታቸውም ብትሆን ልታስመረምራቸው አይገባም።

ሴትየዋ ልትመረመር ወሰነች እንበል። ወንድሟ ግን «እኔ ለመኖር ይህ ዕውቀት አያስፈልገኝም፤ እንዳትነግሩኝ» አለ። የ24 ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ልታገባ ነው፣ እሷም መመርመር ትፈልጋለች። ልጅቱ አለባት ከተባለች አባቷ ሳይጠየቅ ታወቀበት፤ ከሌላ ሊመጣላት አይችልምና። የሁለቱም መብት እኩል ነው፤ የእሷ ማወቅ የእሱን አለማወቅ ይሰብራል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ ደም መቅጃውን አስቀምጦ አባትና ልጅን አብሮ ይጠራቸዋል። ልጅቱ ብትሰማ ከአባቷ ፊት እንዴት ሆና እንደምትውል፣ አባት ልጁ ስታለቅስ ቢያይ ምን እንደሚገምት፣ ለእጮኛዋ ማን መቼ እንደሚነግር፣ ለሽማግሌዎቹስ ምን እንደሚባል ያነጋግራቸዋል። አንድ ቀጠሮ አይበቃም። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አባትየው መጥቶ ከልጁ ጎን ተቀመጠ እንበል፤ «እሷ ትወቅ፤ እኔ ግን ፊቷን አይቼ እንዳላውቅ ውጤቱን የምትሰማ ቀን አዳዳዋ፣ እኅቴ፣ ትሂድላት፣ ለእኔ የምትነግረኝ ስትፈልግ ነው» አለ። ሐኪሙም ይህንን በፋይሉ ላይ ጻፈው፤ ውጤቱን የሚሰሙት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ወደ አባትየው ማንም አይደውልም።